ከብልሽት መደርደሪያው የተረፈው በርጩማ

አባዬ፣

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው የለቅሶህ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን በሰጠሁባት ቅጽበት።

መዘምራኑ ዘምረው ገና መሄዳቸው ነበር። ጎረቤቶች ጓሮ ሳህን ያጥባሉ፣ ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፣ እኔ ከእማዬ ጎን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ የአንተን ጃኬት አጥፌ ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ተሾመ ገባ። በአደባባይ አንቱ እለዋለሁ፤ ለአንተ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን ያዘና «አይዞሽ አስቱ» አለኝ፣ አንተ ብቻ በምትጠራኝ ስም። «አባትሽ የሁላችንም አባት ነበር።» ዐይኑን ጠረገ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቺ የወርክሾፑ ቁልፍ አንቺ ጋ ናት አይደል? የንብረት ቆጠራ መጣብን እንጂ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ባልጠየቅሁሽ ነበር። ሰሞኑን እመልስልሻለሁ» አለ።

አንተ ታውቃለህ፣ በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ከአጽናኟ ጋር አትከራከርም። ጠጪ ሲሏት ትጠጣለች፣ ጋደም በይ ሲሏት ጋደም ትላለች፤ አብሯት ሊያለቅስ የመጣን ሰው ለምን አትለውም። እኔም ለምን አላልኩም። ቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የጠመጠምክበትን ቁልፍ ከጃኬትህ ኪስ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «ተባረኩ» ብዬዋለሁም። ያ «ተባረኩ» እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስትለየን ቡና አብቦ ነበር። ወደ ትውልድ ቀበሌህ ስንወስድህ ከጨለለቅቱ በላይ ያለው ዳገት ግራና ቀኙ ነጭ ነበር። ሽታው በመኪናው መስኮት እየገባ ሲያስቸግራት እማዬ «ዝጉልኝ» አለች። አሁን ያ አበባ ፍሬ ሆኖ፣ ቀልቶ፣ ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ በጆንያ ተጭኖ ከተማችንን ዲላን አልፎ ሄዷል። ከተለያየን ይህን ያህል ጊዜ ሆነን።

ቤታችን አልተለወጠም። እማዬ እንዳይለወጥ ዘብ ቆማለች። ከመታመምህ በፊት መንጠባጠብ የጀመረው የጓሮው ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል። ጎሚኒውን፣ የውስጥ ጎማውን፣ ቀይሬ በአፍታ የማቆመው ነገር ነው፤ አንተው አስተምረኸኛል። ፒንሳ ይዤ በወጣሁ ቁጥር ግን እማዬ ጓሮ በር ላይ ትቆማለች። «ተዪው። እሱ ነገ እሠራዋለሁ ብሎኛል።» እኔም ፒንሳውን መልሼ አስቀምጣለሁ። ከቧንቧው ሥር ባልዲ አድርጋለች፤ ሲሞላ እንሰቶቹን ታጠጣበታለች፣ ባዶውን መልሳ ታስቀምጣለች። ሬዲዮንህን አቧራውን ትጠርገዋለች እንጂ ከፍታው አታውቅም። ማታ ማታ ሁለት ሳህን ታወጣለች፣ ከዚያ ሦስተኛውን ትጨምራለች፣ ከዚያ መልሳ ትሰቅለዋለች። ለእርሷ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልበቃም።

ስለ ወርክሾፑ ለማያውቅ ሰው ሳወራ ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ከውጭ ላየው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ፣ ጣራው የዛገ አሮጌ መጋዘን ነው። አንተ የእጅ ሥራ መምህር ሆነህ ስትመጣ ከተሰበሩ ዴስኮች ጠረጴዛ ሠራህበት፣ ሌላ ቦታ የተጣለ የብየዳ ማሽን ለምነህ አስገባህበት፣ ከትምህርት በኋላ የፈለገ ተማሪ ሁሉ ይምጣ አልክ። ሬዲዮ የሚፈታ፣ የባጃጅ መብራት የሚቀጥል፣ በርና መስኮት የሚበይድ፣ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል ልጅ ከዚያ ወጣ። የቤቱ ልብ ግን ጠረጴዛውም ማሽኑም አልነበረም። በረጅሙ ግድግዳ ላይ የተዘረጋው የብልሽት መደርደሪያ ነበር።

ደንቡ አጭር ነበር። የተበላሸ ሥራ አይጣልም። ያበላሸው ልጅ ስሙን በቀለም ይጽፍበትና ሁሉም በሚያየው ቦታ ያስቀምጠዋል። ያንኑ ዕቃ ደግሞ ሠርቶ ሲያቃናው ደኅናውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ብልሹው ግን ከስሙ ጋር እዚያው ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ እንዲያየው። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታወርደው ያንን በርጩማ ነበር፤ አንዱ እግሩ ያጠረውን። «ይህን የሠራው ማን ይመስላችኋል?» ትላቸዋለህ። ሰነፍ ነው የሚሉትን ተማሪ ስም ይጠራሉ። ገልብጠህ ከሥሩ የተጻፈውን የራስህን ስም ታሳያቸዋለህ። ከዚያ አንዱን ቁጭ በል ትለዋለህ፣ ይወድቃል፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል።

ከዚያ ወዲያ ስሙን መጻፍ የሚያፍር አልነበረም። እንዲያውም ይፎካከሩበት ነበር። ታምሩን ታስታውሰዋለህ፤ ትራንስፎርመር ከሰል እስኪመስል ድረስ ያቃጠለውን ቀልደኛ። «ጋሼ፣ የኔ ከሱ የባሰ ነው እኮ! ከፍ ተደርጎ ይቀመጥልኝ እንጂ!» ይላል። «ኧረ ወደ እኛ አስጠጉት፣ ብርድ ነው፣ እንሙቀው» ይመልስለታል ሌላው። አንተ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ የምትስቀው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል። ያ ልጅ ዛሬ መናኸሪያው አጠገብ ባጃጅ ይጠግናል፤ ሰው ያሠለጥናል።

እኔንም አልማርከኝም። ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ልጅህ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት በፊዚክስ ወድቄ፣ ከግቢው እስከ ቤታችን ድረስ ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ መጣሁ። የፈተና ወረቀቴን ተቀበልከኝ። በማግስቱ ወርክሾፕ ስገባ ከታምሩ ከሰል ጎን፣ ስሜ በትልቁ ተጽፎበት፣ ተቀምጦ አገኘሁት። ያን ቀን ያልተናገርኩህ ነገር የለም! ሲያልቅልኝ «ደኅናውን ስታመጪ ከጎኑ እናስቀምጠዋለን» ብቻ አልክ። አመጣሁት። ኋላም ፊዚክስ ተመርቄ፣ በማዕረግ፣ አንተ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኜ መጣሁ።

ጽናት የሚባለውን ነገር ሌላ ቦታ ተምሬው አላውቅም። የተሸነፍሽበት ነገር ላይ ስምሽን ትጽፊያለሽ፣ በሚቀጥለው ቀን ወደዚያው ጠረጴዛ ትመለሻለሽ። በቃ። ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው የሚመለሱበት ጠረጴዛ ሲኖር መሆኑን ያኔ አላስተዋልኩም ነበር። ሁልጊዜ ስለነበረ።

ቁልፉ «ሰሞኑን» አልተመለሰም። ሐዘን ወጥቼ ስመለስ በሩ እንደተቆለፈ ነበር፤ ክረምት ላይ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ስገባ ግን ክፍት ነበር። አዲስ ቀለም፣ መጋረጃ፣ ቡናማ ሶፋ፣ የላስቲክ አበባ። በሩ ላይ «የእንግዳ ማረፊያ» ተብሎ ተጽፏል። መደርደሪያው ከተነቀለበት ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎቹ በሲሚንቶ ተደፍነዋል፤ አጥብቆ ያላየ ሰው ምንም ነገር እንደነበረ አያውቅም። መሣሪያዎቹ የት እንደገቡ ስጠይቅ አንዱ ስቶር አለ፣ ሌላው ዞን ሄዷል አለ። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ግን ቆራሌው ጠራርጎ ወስዶታል።

ቢሮው ገባሁ። «ያ ኮተት?» አለኝ አቶ ተሾመ፤ ከልቡ ገርሞት። «አስቱ፣ ብልሽት እኮ ነው። ብልሽት አስቀምጠን ምን እናድርገው?»

ስማቸው ተጽፎበት ነበር አልኩት።

«እሱ ነው የባሰው። ከበላይ እንግዳ ይመጣል፣ ግድግዳው ሁሉ ያበላሹ ልጆች ስም! ገጽታችንንም አስቢ እንጂ።»

አባዬ፣ ይህ ሰው ክፉ አይመስለኝም፤ የሚያናድደኝም እርሱ ነው። ሶፋው ቤቱን ያሳመረው ይመስለዋል። እንግዳ ሲመጣ ከፊት ቀድሞ በሩን ይከፍትና «እስኪ እዩት» ይላል። ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። አንዱ ማመልከቻ ጻፊ አለኝ፣ አንዱ ማመልከቻሽን አየነው አለኝ፣ አንዱ ደግሞ አንተን ማወቁን፣ ደግ ሰው እንደነበርክ ነግሮኝ፣ ውሃ ጋብዞ ሸኘኝ።

አሁን ስለ ወርቅነሽ ልንገርህ። ጽሑፉን እዚህ ጋ ትቼው ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ።

መቼም አትረሳትም። ከጨለለቅቱ ወዲያ ካለ ቀበሌ መጥታ፣ ገበያው አጠገብ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማረዋ፤ ዓርብ ዓርብ ቆጮ ልታመጣ ቤቷ የምትሄደዋ። የቡና መፈልፈያ ሞተር መጠቅለል ካልተማርኩ ብላ ያስቸገረችህ። አባቷ በየዓመቱ መፈልፈያው ሲቃጠል ቡናው በጆንያ እንዳለ ሲግልና ሲበላሽ ስታይ ነው ያደገችው። ጠቀለለች፣ አቃጠለች። ደግማ ጠቀለለች፣ ደግማ አቃጠለች። መደርደሪያው ላይ አንድ ሙሉ ረድፍ የእርሷ ሆነ። ልጆቹ «የወርቅነሽ መቃብር» ይሉት ነበር። የመጨረሻው ሞተር ሲዞር ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አንተ «አሁን ገና ተማረች» ያሉትን ልጆች ተቆጣሃቸው። «ትናንትም እየተማረች ነበር፤ እናንተ ዛሬ አያችሁት» አልካቸው።

መስከረም ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። ከትምህርት ቤታችን ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወርቅነሽ የለችበትም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ አየኋት፤ ዐይኗ አብጧል፣ ግን የሥራ ልብሷን ለብሳ መጥታለች፣ ያንን አንተ የሰጠሃትን ሰፊ ቱታ። «ቲቸር፣ ተከፈተ?» አለችኝ። ሞተር ጠቅልላ መኖር እንደምትችል በልቧ ወስና ነው የመጣችው። አላለፍኩም፣ ግን የምመለስበት አለኝ ብላ። ክረምቱን አገሯ ስለነበረች የሆነውን አልሰማችም። ይዣት ሄጄ በሩን አሳየኋት። ሶፋውን በመስኮቱ አየችው። «ጋሼ ቢኖር...» ብላ ጀመረችና ተወችው። አቶ ተሾመ ከኋላችን ደርሶ «እዚህ የተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው የሚገባው፣ አንቺ ጨርሰሻል» አላት። ጨርሰሻል! አንዲት ልጅ በዚያ ዕድሜዋ።

ከዚያ ጥቅምት ላይ የሆነውን ብነግርህ መነጽርህን አውልቀህ ትስቅ ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ለተማሪዎች ሥልጠና ተዘጋጀ። አዳራሹ ውስጥ «አዲስ ክህሎት እንማር፣ ጽናትን እንገንባ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከበላይ የመጡት እንግዶች ያንተ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ ለስላሳ ጠጥተው ነው የገቡት። ፈተና የወደቁትም እንዲበረታቱ ተብሎ ተጠርተዋል። ወርቅነሽ መሐል ላይ ተቀምጣለች።

አቶ ተሾመ ማይክ ያዘ። «ልጆች፣ እኛ የእንሰት ልጆች ነን!» አለ። ተጨበጨበለት። «እንሰት ይቆረጣል፣ ልቡ ይወጣል። ይሞታል? አይሞትም! ከአንዱ ስንት ችግኝ ይበቅላል! እናንተም ብትቆረጡ፣ ብትወድቁ፣ ብቀሉ! ሰበብ አትፈልጉ። ጽናት ማለት ይህ ነው!»

ወርቅነሽን አየኋት። እጇን ጭኗ መሐል ከታ መሬት መሬት ታያለች።

አባዬ፣ እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። ማይክ አልነበረኝም፤ አላስፈለገኝም። ድምፄ ያንተ ነው። እንዲህ ነው ያልኩት። እዚህ ያላችሁ ሁላችሁ እንሰት ተክላችኋል። ሥሩን ነቅለን ልቡን ስናወጣ መጀመሪያ ጉድጓድ ቆፍረን ነው። ፍግ አዘጋጅተን ነው። ቀብረን፣ አፈር አልብሰን፣ ችግኙ እስኪወጣ ከብት እንዳይረግጠው አጥረን ነው። ቆርጦ አስፋልት ላይ ወርውሮ ብቀል ያለ ጌዴኦ እስከ ዛሬ አላየሁም። ጉድጓዱ የታለ? ፍጉስ? ጉድጓዳችን እኮ ሶፋ ያስገባችሁበት ቤት ነበር!

ከዚያ ከኋላ አንዱ «በያቸው፣ ቲቸር!» አለ፤ ልጆቹ እግራቸውን ወለሉ ላይ መምታት ጀመሩ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ተሾመ ፈገግ እንዳለ፣ «ሐዘን ላይ ናት፣ አባቷን አጥታ ነው፣ እንረዳታለን» አለ በማይኩ። ድጋሚ ተጨበጨበ። ለማን እንደተጨበጨበ አላወቅሁም።

ከዚያ የሆነው ቀላል ነው። ዝውውር። ገደብ ወረዳ፣ ከከተማው ወጣ ያለ ትምህርት ቤት፣ «ለሥራው ስለተፈለግሽ»። የእማዬን ደም ግፊት እያወቁ። አንድ መንገድ ግን ተዉልኝ፤ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ከጠየቅሁ ይሠረዛል።

ይህን እያሰላሰልኩ ሳለ፣ ኅዳር ላይ፣ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ወርቅነሽ ቤት መጣች። ማዳበሪያ ተሸክማለች። በረንዳው ላይ አወረደችና ፈታችው። በርጩማህ ነበር። ከቆራሌው ክምር ውስጥ አይታው አሮጌ ጀሪካኖቿን ሰጥታ ነው የለወጠችው። ገልብጣ ስምህን አሳየችኝ፤ ልክ አንተ እንደምታሳየው። «የኔን ሞተሮችም አገኘኋቸው ቲቸር» አለች፣ «ግን መዳባቸውን አውጥተውላቸዋል። ባዶ ቆርቆሮ ነው።» ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከዚያ በፊት ከእርሷ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ «ሞያሌ አክስት አለችኝ፣ ልጠይቃት ነው» አለችኝ። ሞያሌ አክስት የላትም። መናኸሪያው አካባቢ በሞያሌ ድንበር አሻግራችኋለሁ እያለ ልጃገረዶችን የሚያነጋግረውን ደላላ እኔም አውቀዋለሁ፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አትሂጂ አልኳት። «እሺ፣ ምን ልሥራ ቲቸር?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ መልስ ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። የትምህርት ቤታችን የፊዚክስ አስተማሪ፣ በማዕረግ የተመረቅሁት፣ በረንዳዬ ላይ ቆሜ መልስ አጣሁ። ጽኚ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። አብራኝ እንድትኖር ለመንኳት፣ እማዬም ለመነቻት። ቁርስ በላች፣ እማዬን ጉንጯን ሳመች፣ ሄደች። አሁን ስልኳ አይነሣም። የሞያሌ አውቶቡስ ከደጃችን በታች ባለፈ ቁጥር እማዬ ቀና ትላለች።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎች መጡ። የጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ኤልያስ፣ አጎቴ፣ ባለሱቁ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር። አቶ ተሾመ ልኳቸው ነው፤ እነርሱ ግን ለእኔ አዝነው ነው የመጡት። ያንን ማየት ከባድ ነበር። ጋሽ ኤልያስ ጀመሩ። «ልጄ፣ እናትሽን አስቢ። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ቃል ናት። ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ነው፣ ያልሆነ ነገር ተናገርኩ በይ። ሁሉም ይረዳሻል። ማን በሐዘንተኛ ይፈርዳል?»

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። አንዴ በሞትህ ገብተው ቁልፉን ወሰዱ። አሁን ደግሞ በሞትህ ገብተው ቃሌን ሊወስዱ ነው። የተናገርኩት እውነት ሳይሆን ትኩሳት፣ ለቅሶ፣ የሴት ልጅ እንባ ሆኖ እንዲቀር። ያንተን መሞት እንደ ቆራሌው ማዳበሪያ ከፍተው የእኔን ነገር ሁሉ ሊከቱበት ነው።

ለሽማግሌ እምቢ አይባልም። ለአጽናኝም አይባልም ነበር። ተነሥቼ የሦስቱንም ጉልበት ሳምኩና አይሆንም አልኩ። ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት ካለ አሁኑኑ ንገሩኝ፣ ነገ ባንዲራው ሥር ተንበርክኬ እመልሰዋለሁ፤ ከሌለ ግን አባቴን ምክንያት አድርጌ አልክደውም አልኩ። ማንም ውሸት አላለም። አጎቴ ኮፍያውን አሻሸ። ጋሽ ኤልያስ ከፋቸው፣ «እንግዲህ...» ብለው ተነሡ፣ በረንዳው ላይ ጫማቸውን ሊያስሩ ያገኙት መቀመጫ ላይ ቁጭ አሉ።

በርጩማህ ላይ።

አባዬ፣ ያ ሁሉ ግርማ፣ ያ ካፖርት፣ ያ ዱላ ዘጭ! ሐጂ ከድር ክንዳቸውን ይዘው እያነሡ «ተዉ ኤልያስ፣ ይሄ የመምህሩ ነው፣ እኔንም ጥሎኛል!» አሉ። ከዚያ ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ናት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታ ትስቃለች። ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ግን መጀመሪያ ሳቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ምንም ምክር አልሰጠችኝም። «ከመሄድሽ በፊት ቧንቧውን ሥሪልኝ» አለችኝ።

ዛሬ ሠራሁት። ጎሚኒውን ቀየርኩ፣ አጠበቅሁት፣ መንጠባጠቡ ቆመ። ሁለታችንም ጓሮ ቆመን ጸጥታውን ሰማነው። ደስ አይልም አባዬ። እንደገና የቀበርንህ ያህል ነው የከበደን።

ዛሬ ጠዋት ባንዲራው ሲሰቀል አልነበርኩም። ነገ ወደ ገደብ እሄዳለሁ፤ ታምሩ በባጃጅ መናኸሪያ ሊያደርሰኝ ነው፣ ለእማዬም በየማታው ብቅ እንደሚልላት ምሎልኛል። የምሄድበት ትምህርት ቤት ወርክሾፕ የለውም። ክፍል እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ። ቢሰጡኝም አንድ ቀን ሶፋ ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ወርቅነሽን የሚመልስልኝም ነገር የለም። አሸንፌ አይደለም የምጽፍልህ፤ እንዲህ ብዬ ብዋሽህ ከሩቅ ታውቅብኝ ነበር። የያዝኩት አንድ ፒንሳና አንድ የሚያነክስ በርጩማ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ክፍል ስገባ አወርደዋለሁ፣ ይህን የሠራው ማን ይመስላችኋል እላቸዋለሁ። ስምህን ገልብጬ አሳያቸዋለሁ። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ሌላ መታሰቢያ አላውቅም። የወርቅነሽንም ስም ከሥሩ እጽፈዋለሁ፤ ስልኬንም አልዘጋም።

ከእንግዲህ የማልቀበለውን ልንገርህና ላብቃ። አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ በሌላው ኪሴን የሚፈትሽ አጽናኝ አልቀበልም። ጠረጴዛውን ከወሰደ ሰው አፍ ጽኑ የሚል ቃል አልቀበልም፤ ለራሴም፣ ለተማሪዎቼም። ስትናገሪ የነበርሽው አንቺ ሳትሆኚ ሐዘንሽ ነው የሚለኝን፣ ሽማግሌም ይሁን አለቃ፣ አልቀበልም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ስሜን ጽፌበታለሁ።

ልጅህ አስቴር